ቱቦውና ቢሙ ሳይት ላይ ከሚጋጩ ኮምፒውተር ላይ ይጋጩ

ለአፓረንትሺፕ በወጣሁበት ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። አርማታው ተሞልቶ ካሳፎርማው ከተነሳ በኋላ የሳኒተሪ ሠራተኞች መጡ። ለ110 ሚሊ ሜትሩ የፍሳሽ ቱቦ መንገድ ሲለኩ ቢም ተጋርጦባቸው አገኙት። መፍትሔው መሮና መዶሻ ሆነ። ቢሙ ተበሳ፤ ሁለት ስታፋም ተቆረጠ። ያውም ከኮለኑ አጠገብ! ሸር የሚበረታው እዚያ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ኮርኒስ ሲለብስ ደግሞ ቀዳዳውን የሚያየው የለም።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ከሠራተኞቹ ይልቅ የአሠራሩ ነው። አርክቴክቱ፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱና የሳኒተሪ መሐንዲሱ በየቢሮአቸው በኦቶካድ ይሠራሉ። በፕላን ላይ ቱቦ ማለት አንድ መስመር ነው፤ ከፍታው አይታይም። ቱቦ ግን ተዳፋት ይፈልጋል። በ1 በመቶ ተዳፋት 8 ሜትር ቢሄድ መጨረሻው 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከሶሌታው ሥር ካለው ቢም ጋር የሚያጋጨውም ይኸው ነው።

የሕንፃ ኢንፎርሜሽን ሞዴሊንግ (ፈረንጆቹ አሳጥረው "ቢም" ይሉታል፤ ከሳይቱ ቢም ጋር መምታታቱ የኛ ዕድል ነው) የሚሠራው በመስመር ሳይሆን በዕቃ ነው። ግድግዳው ውፍረቱን፣ ከፍታውንና የተሠራበትን ማቴሪያል ይዞ ይቀመጣል። የሦስቱ ባለሙያዎች ሞዴል ሲደራረብ፣ ሁለት ዕቃ አንድ ቦታ የያዘበትን ሁሉ ፕሮግራሙ ለቅሞ ያወጣል። ያኔ ወይ የቱቦው መስመር ይቀየራል፣ ወይ መሐንዲሱ ለቀዳዳው ተጨማሪ ፌሮ አስልቶ ማሳለፊያው ከሙሌት በፊት ይቀመጣል። መስኮት ሲጨመርም የግድግዳው መጠን ራሱ ይስተካከላል፤ ቴክ ኦፍ በእጁ የሠራ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል።

ሶፍትዌሩ አዲስ አይደለም፤ ሬቪት ከወጣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የከበደው ሰዎቹን አንድ ሞዴል ላይ ማሠራት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ዕቅዱን በ2011 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ ግዴታ ያደረገው በ2016 ነው። በሞዴሉ ያልገባ ቱቦ ከምንም ጋር አይጋጭም፤ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ሞዴልም ቆንጆ ሥዕል ብቻ ነው።

እኛም ለዲዛይን ፕሮጀክት ሥራውን በቡድን ተከፋፍለን ፕላኖቹን የምናገናኘው በማስረከቢያው ዋዜማ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር በየሳምንቱ አንድ ቀን ላብ ገብተን ብንደራርባቸውስ?