«አይጥ በላው» ተክል፦ ተረቱና እውነታው

ኔፔንቴስ ራጃህ የሚባለው ተክል ስሙ የገነነው በአንዲት አይጥ ሰበብ ነው። እንግሊዛዊው ስፔንሰር ሴንት ጆን በሰሜን ቦርኒዮ የኪናባሉን ተራራ ሲወጣ ተክሉ ነፍሳት በሚያጠምድበት፣ ፈሳሽ በያዘ ማሰሮ ውስጥ ሰጥማ የሞተች አይጥ አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍም አሰፈረው። ከዚያ ወዲህ ተክሉ አይጥ እያደነ የሚኖር አውሬ ሆኖ ቀረ።

የአይጧ ነገር ውሸት አይደለም። ትልቁ ማሰሮ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከ3 ሊትር በላይ ይይዛል፤ የተንሸራተተች አይጥ ሰጥማ ልትቀር ትችላለች። ይህ ግን አልፎ አልፎ የሚደርስ አደጋ ነው። የዘወትር ሲሳዩ ጉንዳንና ሌሎች ነፍሳት ናቸው፤ አይጧም ወደዚያ የምትሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከማሰሮው ክዳን ሥር ጣፋጭ ፈሳሽ ይመነጫል። ያንን ለመላስ ቀን ቀን ቱፓያ የሚሉት ሹል አፍንጫ ያለው ትንሽ እንስሳ፣ ሌሊት ደግሞ የተራራው አይጥ ይመጣል። ማሰሮው አፍ ላይ ካልተፈናጠጡ አይደርሱበትም። ተፈናጠው ሲልሱ መቀመጫቸው ልክ ከአፉ በላይ ይውላል፤ እዚያው ተጸዳድተው ይሄዳሉ። ናይትሮጅን በጠፋበት የተራራ አፈር ላይ ለበቀለ ተክል ይህ ከሬሳ የተሻለ ገቢ ነው፤ ደንበኛው ነገም ይመለሳላ!

ነፍሳት ሲገቡ ክዳኑ ጥርቅም ይላል የሚሉም አሉ። አይልም። ማሰሮው ለጋ ሳለ ገጥሞ ይቆያል፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ተመልሶ አይዘጋም።

ማሰሮውን አበባ ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። ከቅጠሉ የሚወጣ ቀጭን ሐረግ ጫፍ አብጦ የሚሠራው የቅጠሉ አካል ነው። በብዙዎቹ የኔፔንቴስ ዝርያዎች ሐረጉ ከቅጠሉ ጫፍ ይቀጥላል፤ በራጃህ ግን ከጫፉ ወረድ ብሎ ከቅጠሉ ሆድ ይወጣል፤ ይህም ዝርያውን ለመለየት ይረዳል። እውነተኞቹ አበቦች ጥቃቅን ሲሆኑ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ ያብባሉ።

ሥር የሰደደው ስሕተት ግን ማሰሮ ያለው ተክል ሁሉ ዘመድ ነው የሚለው ነው። የአሜሪካው ሳራሴንያ ማሰሮውን ያበጀው ለብቻው ነው። ኔፔንቴስ የሚመደበው ቀይ ሥርና እንዶድ ባሉበት ክፍለ መደብ ነው፤ ሥጋ ከማይበሉት መካከል ደግሞ ከእነዚህ ይልቅ ለመቅመቆና ለእምቧጮ ይቀርባል። ሳራሴንያ ግን ከአስታ ወገን ነው።