የሚችለው ውሃና የሚስማማው ውሃ

ትንሽ አኳሪየም ለማቆም ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሰማው ነገር አለ፤ «የማይሞት ሽሪምፕ አለ አሉ፤ ማጣሪያ አይፈልግ፣ ማሞቂያ አይፈልግ፣ ምግብም እምብዛም አይፈልግ» የሚል። ሽሪምፑ በእርግጥ አለ። ኦፓኤ ኡላ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሃሎካሪዲና ሩብራ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በሐዋይ ደሴቶች ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ሲመቸው ደማቅ ቀይ ነው፤ ሲጨንቀው ይገረጣል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ባሉ ቤቶችና ክሊኒኮች አኳሪየም አቁሜ እየተንከባከብኩ እኖራለሁ፤ በእጄ ካለፉት እንስሳት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። «የማይሞት» የሚለው ዝና የጎዳውም ራሱን ሽሪምፑን ስለሆነ፣ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ስለ እሱ ለመከራከር ነው።

ዝናው የመጣው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጠው የታሸገ የመስታወት ኳስ ነው። ናሳ በጠፈር ውስጥ ራሱን ችሎ ስለሚኖር ዝግ ሕይወት ካደረገው ጥናት የተወሰደ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስጦታ ዕቃነት ይሸጣል። በውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ትንሽ አልጌ፣ ጠጠርና ጥቂት ሽሪምፖች አሉ። አይከፈትም፤ ምንም አይጨመርበትም። ሐሳቡ በሳይንስ ዓይን ያምራል። እንስሳው ግን በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ መኖር የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በኳሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ያልቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜም አይዋለድም።

አንዲት እናት እንዲህ ያለውን ኳስ በፎጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ለልጃቸው በስጦታ የመጣ ነው።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍርፋሪ ሳንሰጣቸው ኖረዋል እኮ። ምን ጎደላቸው ትላለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ሲመጣ ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«አሁንስ?»

ኳሱን አዙረው አዙረው ፈለጉ። አንድ አገኙ፤ እሱም የገረጣ ሮዝ እንጂ ቀይ አልነበረም።

እማማ ጥፋት የለባቸውም፤ ሲሰጣቸው የተነገራቸውን ነው ያመኑት። እንስሳው ረሃብን ስለሚችል ረሃብ የሚስማማው ይመስላል፤ ጨው ሲበዛም ሲያንስም ስለሚችል ማንኛውም ውሃ የሚበቃው ይመስላል። የሚችለውንና የሚስማማውን ለመለየት የመጣበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ትንሹን አኳሪየም ሳቆም የምከተለው ሕግ ሁሉ ከዚያው ቦታ የተቀዳ ነው።

ቦታው በሐዋይ ትልቁ ደሴት በኮና ዳርቻ፣ እንዲሁም በማዊ ደሴት ይበዛል። ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ድንጋይ በባሕሩ ዳር ስንጥቅጥቅ ያለና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ከተራራው በመሬት ውስጥ የሚወርደው የዝናብ ውሃና ከባሕሩ በስንጥቁ የሚገባው ጨዋማ ውሃ እዚያ ይገናኛሉ። ከላይ ለሚያየው ከባሕር የተለየ ትንሽ ኩሬ ነው፤ ነገር ግን ባሕሩ ሲሞላ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። ሽሪምፑ ከዕድሜው ብዙውን በጨለማው ስንጥቅ ውስጥ ያሳልፋል፤ ወደ ብርሃኑ የሚወጣው በድንጋዩ ላይ የለበሰውን አልጌና ባክቴሪያ ለመጋጥ ነው። ማዊ ላይ ዋይአናፓናፓ በሚባለው ስፍራ አንድ የዋሻ ኩሬ አለ። በዓመት ውስጥ አልፎ አልፎ ውሃው ይቀላል፤ የአገሩ ሰዎች በዋሻው ውስጥ በባሏ እጅ የተገደለች የባላባት ልጅ ደም ነው ብለው ይተርካሉ። የሚያቀላው የሽሪምፖቹ ብዛት ነው።

እንግዲህ በክፍላችን ማእዘን የምንሠራው የዚያን ኩሬ አንድ ጥግ ነው። ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ መስታወት ይበቃል። ከዚያ ያነሰም ይሆናል፤ ግን ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨዋማነቱም ቶሎ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ለጀማሪ 10 ሊትር እመርጣለሁ። ከታች የኮራል ስባሪ ወይም አራጎናይት የሚባለውን አሸዋ አነጥፋለሁ፤ ካልሲየሙ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ የውሃው ፒኤች ከ8 በላይ እንዲቆይ ይረዳል። በላዩ ቀዳዳ የበዛበትን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ምንም ቀለምና ኬሚካል ያልነካውን፣ በደንብ አጥቤ እከምራለሁ። ክምሩ ውስጥ ጨለማ ክፍተት መኖር አለበት። ደንበኞቼ «ከድንጋዩ ሥር ከገቡ መቼ እናያቸዋለን?» ይሉኛል። መደበቂያ ያለው ሽሪምፕ ነው ደፍሮ የሚወጣው፤ ባዶ መስታወት ውስጥ የተቀመጠው ጥግ ይዞ ይገረጣል።

ጨው ላይ ብዙ ጊዜ እንከራከራለን። ከአገር የመጣ የአፍዴራ ጨው ይዘውልኝ የመጡ አሉ፤ «ንጹሕ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም» ይላሉ። የገበታ ጨው ንጹሕነቱ ነው ችግሩ፤ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ገደማ ካልሲየም፣ እንደዚያው ያህል ደግሞ ፖታሲየም አለ። ሽሪምፕ ቅርፊቱን እየጣለ አዲስ የሚለብስ እንስሳ ስለሆነ እነዚህን ማዕድናት ያጣ ውሃ ቀስ ብሎ ይገድለዋል። ስለዚህ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው መግዛት ግድ ነው። መጠኑ የባሕሩ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ይሁን፤ በሊትር 15 ግራም አካባቢ፣ ሃይድሮሜትር በሚባለው የጨዋማነት መለኪያ ሲለካ ከ1.010 እስከ 1.012። በሌላ ዕቃ ውስጥ በጥብጦ፣ አሳድሮ፣ ለክቶ ማፍሰስ ነው። በማንኪያ ግምት የተሠራ ውሃ አልቀበልም። መለኪያው ውድ አይደለም፤ እሱን ሳይገዛ ሽሪምፕ የሚገዛ ሰው ቅደም ተከተሉን አዛብቷል።

የምንበጠብጥበት ውሃም ያው ነው፤ ቧንቧ ከፍቶ መቅዳት አይቻልም። ዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውሃዋን በክሎራሚን ታክማለች፤ በየዓመቱ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ትመለሳለች። ብዙዎቻችን በባልዲ ቀድቶ ማሳደርን ለምደናል። ያ ለክሎሪን ይሠራል፣ ክሎራሚን ግን አድሮም አይወጣም። በዚያ ላይ አሮጌ ቤት ሲሆን ከቱቦው የሚመጣ መዳብ አለ፤ ሰው የማይጎዳው ትንሽ መዳብ ሽሪምፕን ይገድላል። ለ10 ሊትር ውሃ ይህን ሁሉ መታገል አያስፈልግም፤ ከሱፐርማርኬት በጋሎን የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ መግዛት ይሻላል። ቀንድ አውጣ ለመግደል የሚሸጡ መድኃኒቶችም ብዙዎቹ መዳብ ስላለባቸው ወደዚህ ውሃ ፈጽሞ አይጠጉ።

ከዚያ የሚመጣው ትነት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በሚንተከተክ ወጥ ውስጥ ጨው እንደሚጠና ሁሉ፣ ከአኳሪየሙም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው በየሳምንቱ ጨው እየጨመረ ነው። በመስታወቱ ጎን ላይ የውሃውን ልክ በቴፕ ምልክት አድርጉ፤ ሲጎድል ጨው በሌለው ዲስቲልድ ውሃ እስከ ምልክቱ ሙሉ። ክዳን ያለው መስታወት ከሆነ ሥራው ይቀላል። ማጣሪያና የአየር ፓምፕ ለዚህ አኳሪየም አስፈላጊ አይደሉም፤ ማጣሪያው እንዲያውም አዲስ የተፈለፈሉትን የሽሪምፕ እጮች ይስባል። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ማሞቂያም አያስፈልግም። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ግን አርቁት፤ ትንሽ ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከልክ በላይ ይሞቃል። በቀን ስምንት ሰዓት ያህል የሚበራ ተራ የጠረጴዛ መብራት አልጌውን ያበቅላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ሳምንታት ይፈጃል። ናይትራይት ዜሮ መሆኑን ከለካሁም በኋላ ድንጋዩ አረንጓዴ እስኪለብስ እቆያለሁ፤ ሁለት ወር ቢፈጅ ይፍጅ። ልጆች ባሉበት ቤት ባዶ ውሃ እያዩ መቆየት ከባድ ነው። ለልጆቹ ግን ድንጋዩ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚለወጥ አሳያቸዋለሁ፤ ፎቶ እያነሱ ቀኑን ይጽፉበታል። እንዲህ የጠበቁ ልጆች ሽሪምፖቹ ሲገቡ አለመጠን ምግብ ሲወረውሩ አይቼ አላውቅም።

ምግብ ስል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አልሰጥም። ሽሪምፖቹ በትንንሽ እጆቻቸው ድንጋዩን ቀኑን ሙሉ ሲጠርጉ ይውላሉ፤ ኑሯቸው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ በጣት ጫፍ የምትያዝ ስፒሩሊና ዱቄት ትበቃለች። ስፒሩሊና ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ ሐይቅን አረንጓዴ ያደረገው፣ ጭቱ ሐይቅም ውስጥ የሚበቅለው ያው የአርትሮስፒራ ወገን ነው። ለውሃው አስጊ የሚሆነው ትርፉ ነው። ያልተበላ ምግብ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይወጣል፣ ማጣሪያ የሌለው ትንሽ ውሃ ደግሞ ያንን የሚያነጻበት አቅም የለውም። በእነዚህ አኳሪየሞች ውስጥ በረሃብ ካለቁት ይልቅ በጥጋብ ያለቁትን ነው የማየው፤ በታሸገው ኳስ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒውን።

«አንድ ትንሽ ዓሣ ብንጨምርበትስ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመጣ የሚቀርበት ቤት የለም። መልሴ ሁልጊዜ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱንም ሐዋይ ላይ ማየት ይቻላል። ሰዎች ወደ ኩሬዎቹ ጋፒ፣ ቲላፒያና ትንኝ በሊታ ዓሣ አስገቡ። ዓሣ በገባበት ኩሬ ሽሪምፖቹ ወይ ጠፉ ወይ በሌሊት ብቻ የሚወጡ ሆኑ፤ ድንጋዩን የሚግጠው ሲጠፋ አልጌው ያለ ከልካይ በቀለ፣ ኩሬውም መልኩን ለወጠ። ሌሎች ኩሬዎች ደግሞ ለሆቴልና ለመንገድ ሲባል ተደፍነዋል። ማዊ ላይ አሂሂ-ኪናው የተባለው ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1973 የግዛቲቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ተብሎ መከለሉ የቀሩትን ለማዳን ረድቷል። በመስታወታችን ውስጥም ሕጉ አንድ ነው፤ ዓሣ ካለ ትልቁ ሽሪምፕ ይደበቃል፣ እጩም ይበላል። አብሮ መኖር የሚችል ከተፈለገ በጨዋማ ውሃ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ።

ቦታው ከተስማማቸው ይዋለዳሉ፤ ለእኔ የውሃው ትክክለኛ ምርመራ ይህ ነው። ሴቷ በሆዷ ሥር ደርዘን ያህል ቀያይ እንቁላሎች ይዛ ትታያለች፤ ከወር ትንሽ አልፎ እጮቹ ይወጣሉ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንሳፈፋሉ። በመጀመሪያ ጊዜያቸው የሚመገቡት ከእንቁላሉ የያዙትን አስኳል ስለሆነ ለብቻ ማሳደግ አያስፈልግም። አማኖ የሚባለውን የጃፓን ሽሪምፕ ለማራባት የሞከረ ሰው የዚህ ዋጋ ይገባዋል፤ የእሱ ወላጆች ጨው በሌለው ውሃ ሲኖሩ እጮቹ ግን ጨዋማ ውሃና ደቃቅ ምግብ ካላገኙ ይሞታሉ። እዚህ ሁሉም በአንድ ውሃ፣ በአንድ ድንጋይ ያድጋል።

ስለዚህ ኳሱን በስጦታ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ለልጁ ባዶ መስታወት፣ ድንጋይ፣ የባሕር ጨውና መለኪያ ስጡት፣ ሽሪምፖቹ ሁለት ወር ቆይተው ይምጡለት። ኳሱ ከቤታችሁ ካለና ሽሪምፕ ከቀረበት ደግሞ አዲሱን አኳሪየም አዘጋጁ፤ ውሃው ሲጎለምስ ኳሱን ክፈቱ፣ ጨዋማነቱን ለኩ፣ አዲሱን ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጠብታ እየቀላቀላችሁ አሸጋግሯቸው። የእማማ ሽሪምፕ በዚህ መንገድ ተሻግሮ፣ ከሌሎች አሥር ጋር ተቀላቅሎ፣ ቀለሙ ተመልሷል። ስትገዙም ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ እነዚህ ከሐዋይ ኩሬ የተያዙ ናቸው ወይስ በአኳሪየም የተፈለፈሉ? መልስ ከሌለው አትግዙ።