የልጅ ልጅዎ የጎልፍ ዱላ ሲጠይቅዎት

ቂሳርያ ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለ። ልጁ እዚያ መጫወት ጀምሮ «አባባ፣ ድራይቨር ግዛልኝ» ካለዎት፣ ገንዘቡን ሳያወጡ ይስሙኝ። ድራይቨር የመጀመሪያዋን ምት ሩቅ የሚልከው ረጅሙ ዱላ ነው።

ሁለት ቀረበልዎ እንበል፤ አንዱ ፊቱ 9 ዲግሪ ያጋደለ፣ ዘንጉ ድርቅ ያለ፤ ሌላው 12 ዲግሪ፣ ዘንጉ ለመጥ የሚል። የልጁ ዓይን የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ያሉት እሱን መሰል ነዋ የሚይዙት! ግን የተሠራው በኃይል ለሚወነጭፍ ክንድ ነው። ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው ከያዘው ኳሷ ዝቅ ብላ ሄዳ ቶሎ ትወድቃለች። 12ቱ ግን ከፍ አድርጎ ያነሳታል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሩቅ የሚያደርሳትም እሱ ነው።

የጭንቅላቱ ትልቅነት አያታልልዎ፤ ሕጉ ከ460 ሲሲ በላይ አይፈቅድም። ልጁ በሁለቱም አሥር አሥር ኳስ ይምታ፤ እርስዎ ድምፁን ትተው ኳሷ የምታርፍበትን ይዩ።