በአሜሪካ ኮሌጆች ቀድሞ ማመልከት፦ ከመፈረም በፊት ምን ማወቅ ይገባል?

በአሜሪካ ብርቱ ውድድር ያለባቸው ኮሌጆች ከመደበኛው የማመልከቻ ወቅት ቀደም ብለው የሚከፍቱት ሌላ በር አላቸው። ልጆቻቸውን ወደዚያ ልከው ለማስተማር የሚያስቡ ወላጆች በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት የሚያስከትለውን ግዴታ ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ቀድሞ የማመልከቻ መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው አስገዳጅ መንገድ ነው። ተማሪው በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ያመለክታል፤ ኮሌጁ ከተቀበለው እዚያው ለመማር እርሱ፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ አስቀድመው ይፈርማሉ። ተቀባይነት ሲያገኝም ለሌሎች ኮሌጆች ያስገባውን ማመልከቻ ይሰርዛል። ሁለተኛው «ኧርሊ አክሽን» ሲሆን፣ መልሱ ቀድሞ ቢደርስም ተማሪውን አያስገድድም። ሦስተኛው ሃርቫርድ፣ ዬል እና ፕሪንስተን የሚጠቀሙበት ነው። ይህም አያስገድድም፤ ሆኖም ተማሪው በዚያው ወቅት ለሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች ቀድሞ እንዳያመለክት በአብዛኛው ይገድበዋል።

የቀድሞ ማመልከቻ ማብቂያ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ወይም ኅዳር 6 አካባቢ ነው። መልሱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ገደማ ይደርሳል። በመደበኛው ወቅት ያመለከቱ ተማሪዎች ግን ውጤታቸውን የሚያውቁት በመጋቢት ሲሆን፣ ምርጫቸውን እስከ ሚያዝያ 23 አካባቢ ያሳውቃሉ።

ለአብዛኛው ቤተሰብ ወሳኙ ጉዳይ ገንዘብ ነው። አንዱ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ሊሸፍን፣ ሌላው ምግብና መኝታ ሊጨምር ይችላል። በመደበኛው ወቅት ያመለከተ ተማሪ የተሰጡትን ድጋፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመርጣል። በአስገዳጁ መንገድ የገባ ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። የተሰጠው ድጋፍ ለመማር የማያስችለው ከሆነ ከስምምነቱ መውጣት ይችላል፤ ነገር ግን በእጁ ሌላ መልስ ሳይኖር እንደገና ይጀምራል።

ቀድመው ያመለከቱ ተማሪዎች የመቀበል ምጣኔ በብዙ ኮሌጆች ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በዚህ ቁጥር ውስጥ ኮሌጆቹ ለስፖርት የመለመሏቸው ተማሪዎች ጭምር ስለሚገኙ፣ ምጣኔውን እንዳለ ለማንኛውም አመልካች መውሰድ ያሳስታል።

የኮሌጁ የድጋፍ ፖሊሲም መታየት አለበት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ እና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪዎችንም ሲመርጡ የገንዘብ አቅማቸውን አያዩም፤ ለተቀበሏቸውም የሚያስፈልገውን ድጋፍ ይሸፍናሉ። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ግን የውጭ ተማሪ ድጋፍ መጠየቁ በውሳኔው ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል።

ስለዚህ በአስገዳጁ መንገድ መፈረም የሚመከረው ኮሌጁ ያለጥርጥር የመጀመሪያ ምርጫ ሲሆን፣ የድጋፍ ፖሊሲው በጽሑፍ ተጠይቆ ሲታወቅና ቤተሰቡ የሚችለውን ወጪ ቁርጥ አድርጎ ሲያሰላ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የማያስገድደው ወይም መደበኛው መንገድ ይሻላል።

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ትምህርት በመስከረም ስለሚጀምር እስከ ጥቅምት 22 ያለው ጊዜ አጭር ነው። የውጤት ማስረጃ፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና በ11ኛ ክፍል ማብቂያና በክረምቱ ሊዘጋጁ ይገባል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ካልተሟላ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ በኋላ በሚዘጋው መደበኛ ወቅት የተሟላ ማመልከቻ ማስገባት ይመረጣል።