በግቢ ስለሚተከለው የሱፍ አበባና ስለ ወፎች

የቤትን ግቢ በሲሚንቶ መድፈን የንጽሕና ምልክት ሆኖ በሚቈጠርበት በአሁኑ ዘመን፥ የአዲስ አበባ ወፎች የሚለቅሙበት ሥፍራ እየጠበበ መሄዱን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ የቤት ጌታና እመቤት ቢስማሙ ከአጥሩ ሥር ጥቂት ክንድ መሬት ለሱፍ አበባ መተው የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

የሱፍ አበባ፥ አንዳንዶች እንደሚሉትም የፈረንጅ ሱፍ፥ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ከጥንት ጀምሮ በአገራችን በጾም ወራት ፍሬው ተወቅጦ የሚጠጣው እሾኻሙ ሱፍ ሌላ ተክል ነው።

አተካከሉም እንዲህ ነው። ሰኔ ሲጋመስ ፀሐይ በሚያገኝ ሥፍራ መሬቱን መቈፈር፥ አፈሩ ዋልካ ከሆነ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ ማድረግ፥ ዘሩን 3 ሳንቲሜትር ያህል አጥልቆ መቅበር፥ በአንዱና በሁለተኛው መካከልም 40 ሳንቲሜትር መተው ይገባል። እስኪበቅል ድረስ ዶሮ እንዳይጭረው እሾኽ ይጣልበት። ጥቁሩ ዘር ቅርፊቱ ስስ ስለ ሆነ ለትንንሽ ወፎች ይስማማል፤ የዥንጉርጉሩ ቅርፊት ግን ይጠነክርባቸዋል።

የአበባው ጀርባ ከአረንጓዴነት ወደ ቢጫነት፥ ኋላም ወደ ቡናማነት ሲለወጥ ፍሬው መድረሱ ይታወቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ግቢውን አበላሸው» ብሎ አገዳውን ይነቅላል፤ ወፎቹ የሚጠብቁት ግን ይህንኑ ነው። ድንቢጥ ትመጣለች፤ ከኢትዮጵያ፥ ከኤርትራና ከሰሜን ሶማሊያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው፥ ከዓይንዋ በላይ ነጭ መሥመር ያላት ቡናማ ፍሬ ለቃሚም በከተማችን ግቢዎች ትታያለች።

«ፍሬውን ወፍ ከጨረሰው ለቤት ምን ይተርፋል?» የሚል ቢኖር፥ ለቤት የሚፈለገውን አበባ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ የቀረውን ለወፎቹ መተው ነው። ደግሞም ድንቢጥ ጫጩቶችዋን የምታሳድገው በትልና በተባይ ስለ ሆነ፥ ጎመኑን በመጠበቅ ውለታ ትመልሳለች። ስለዚህ መርዝ በሚረጭበት ግቢ ወፍ መጋበዝ አይገባም፤ የሻገተ ፍሬም ስለሚጎዳቸው ተለቅሞ ይጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ለልጆች ነው። ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚያሳድድ ልጅ ዘሩን በገዛ እጁ ቢተክል፥ ኅዳር ሲደርስ ድንጋዩን ጥሎ በመስኮት አጠገብ ቆሞ ይቈጥራቸዋል። ሕይወት ላለው ፍጥረት መራራትን በቃል ከማስተማር ይልቅ ይህን በዓይን ማሳየት ይሻላል።