ያልተፈረመው ደንብ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከተራኪው ድምፅ ሥር ይወርዳል)

ተራኪ፦ ዛሬ የምንተርክላችሁ የአንድ ፊርማ ታሪክ ነው። ፊርማው የአንድ አሜሪካዊ ሚኒስትር ነበር፤ ሦስት ዓመት ተኩል ዘገየ። በመጨረሻ የተገኘው 150 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ አካል ጉዳተኞች፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው «ሳይፈረም አንወጣም» ስላሉ ነው። ለየት አድርገን ካልጠቀስን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(የሕፃናት ጫጫታ፤ የትምህርት ቤት ደወል)

ተራኪ፦ ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት በር ነው። ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን። በልጅነታቸው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተላኩ፣ የቀሩ ቤተሰቦቻቸውን ናዚዎች የጨረሱባቸው ሁለት አይሁዳውያን ተጋብተው ይኖራሉ። አባት ሥጋ ቤት አላቸው። በ1947 የተወለደችው ልጃቸው ጁዲ ሂውማን በዓመት ከመንፈቋ ፖሊዮ ያዛት፤ ከዚያ በኋላ መራመድ አልቻለችም። ሐኪም ልጅቷን ለማቆያ ተቋም እንዲሰጧት መከራቸው። ወላጆቿ እምቢ አሉ። ናዚዎች የጅምላ ግድያውን የጀመሩት በአካል ጉዳተኞችና በአእምሮ ሕሙማን እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ከጀርመን የመጡ ወላጆች ልጃቸውን ለተቋም አሳልፈው አለመስጠታቸው አይገርመውም።

አምስት ዓመት ሲሞላት እናቷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ወሰዷት። ርዕሰ መምህሩ አልተቀበላትም። ምክንያቱ፣ እሳት ቢነሳ ልጅቷ አደጋ ትሆናለች የሚል ነበር። መንግሥት በምትኩ በሳምንት ሁለት ቀን አስተማሪ ቤቷ ድረስ ላከላት፤ የሳምንቱ ትምህርት ቢደመር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የተለየ ክፍል ተገኘላት። ክፍሉ ያለው ምድር ቤት ነው። ሌሎቹ ልጆች ከላይ ፎቅ ላይ ይማራሉ፤ እነ ጁዲ ከታች።

እናትየው ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። ከሌሎች እናቶች ጋር ተባብረው የትምህርት ኃላፊዎችን ደጅ ጠኑ፤ ልጆቹም ሁለተኛ ደረጃ ገቡ። ጁዲ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በ1970 ለአስተማሪነት ፈቃድ አመለከተች። የጽሑፉንም የቃሉንም ፈተና አለፈች። ቀጥሎ የሕክምና ምርመራ መጣ። ሐኪሟ መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደምትጠቀም አሳዪኝ አለቻት። ፈቃድ ሊያወጣ የመጣ ሌላ ሰው እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ያውቅ ይሆን? ውጤቱ ሲመጣ ጁዲ በሕክምናው ወድቃለች፤ የተጻፈው ምክንያት የእግሮቿ ሽባነት ነው።

ከሰሰች። በዚያ ሰሞን አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ፣ ፖሊዮ ያለበት ሰው ፕሬዚዳንት መሆን ይችላል፣ አስተማሪ መሆን ግን አይችልም ብሎ ተሳለቀ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት አሜሪካን የመሩት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደነበር ማስታወሱ ነው። ክሱ የደረሳቸው ዳኛ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ነበሩ። እንዲህ ያለውን መገለል ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የትምህርት ቦርዱ ጉዳዩን መልሶ እንዲያየው አሳሰቡ፤ ቦርዱም ፈቃዱን ሰጠ። ጁዲ ሥራ የጀመረችው ልጅ ሳለች ምድር ቤት በተማረችበት በዚያው ትምህርት ቤት ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ተራኪ፦ በ1973 የአሜሪካ ምክር ቤት የተሐድሶ አዋጅ የሚባል ሕግ አወጣ። በአዋጁ መጨረሻ ክፍል 504 የሚባል አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰክቷል። አባባሉ ከ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የተቀዳ ነው፤ ፍሬ ነገሩም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ማግለል አይችልም የሚል ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ሁሉም ከዚህ ገንዘብ ይቋደሳሉ። ስለዚህ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የማትነካው ተቋም አልነበረም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ማስፈጸሚያ ደንብ አልወጣላትም። አዋጅ ደንብ ከሌለው ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደንቡን ማውጣት የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር ፈንታ ነበር። ረቂቁ ተዘጋጀ። ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ግን ወጪው አስፈራቸው፤ መወጣጫ መሥራት፣ በር ማስፋት፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሄዱ። የፎርድ መንግሥትም ሳይፈርም ወጣ። ጂሚ ካርተር በምርጫው ቅስቀሳ ቃል ገብተው ነበር፤ የሾሟቸው ሚኒስትር ጆሴፍ ካሊፋኖ ግን «እንደገና ልየው» አሉ። «እንደገና ልየው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል።

አካል ጉዳተኞቹ ቀነ ገደብ ቆረጡ። ኤፕሪል 4 ቀን 1977 አለፈ፤ ፊርማ የለም። በማግሥቱ በተለያዩ ከተሞች ወደ ሚኒስቴሩ ቢሮዎች ገቡ። ዋሽንግተን ላይ ምግብ እንዳይገባ፣ ስልክ እንዳይሠራ ተደርጎ ከአንድ ቀን ትንሽ ከፍ ላለ ጊዜ ቆይተው ወጡ። ሌሎቹም ብዙ አልቆዩም። ሳን ፍራንሲስኮ ግን ቆየ።

(የብዙ ሰዎች ድምፅ በሰፊ አዳራሽ፤ የመንኮራኩር ድምፅ)

ተራኪ፦ ለምን ቆየ? ጀግንነት ብቻ አይደለም። ኪቲ ኮን የምትባል፣ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለባት አስተባባሪ፣ ቀደም ብላ የቤተ ክርስቲያናትን፣ የሠራተኛ ማኅበራትንና የጥቁሮች ድርጅቶችን ደጅ አንኳኩታ ነበር። ጁዲም በዚያን ጊዜ በርክሌይ ትኖራለች፤ እነ ኤድ ሮበርትስ ባቋቋሙት ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ትሠራለች። ኤድ ሮበርትስ ራሳቸው ፖሊዮ ከአንገታቸው በታች ያሽመደመዳቸው፣ ሌሊት የብረት ሳንባ በሚባል የመተንፈሻ መሣሪያ የሚተነፍሱ፣ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲን ያለፈቃዱ ያስከፈቱ ሰው ናቸው።

እስኪ አራተኛው ፎቅ ላይ እንውጣ። ቢሮ እንጂ ማደሪያ አይደለም። ፍራሽ የለም፤ ገላ መታጠቢያ የለም። ሌሊት ሰው ካላገላበጠው ገላው የሚቆስል አለ። በቱቦ የሚሸና አለ። ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት የያዘ አለ። መድኃኒቱን ምን አደረጉት መሰላችሁ? ካርቶን አምጥተው የአየር ማቀዝቀዣው ላይ በፕላስተር ለጥፈው ፍሪጅ ሠሩ። መሥሪያ ቤቱ የስልኩን መስመር ሲቆርጥ ደግሞ መስማት የተሳናቸው ሰልፈኞች መስኮት ላይ ቆመው በምልክት ቋንቋ ከታች መንገድ ላይ ላሉት መልእክት ያስተላልፉ ጀመር። ጥበቃዎቹ ምልክቱን አያውቁትም። በዚያች ሰዓት ከሁሉ የተሻለው መገናኛ የእነርሱ ነበር።

ምግቡን ያመጡት ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት አባላት ናቸው። ብራድ ሎማክስ የተባለ፣ ኤም ኤስ የተሰኘ የነርቭ በሽታ ያለበት የፓንተር አባል ከሰልፈኞቹ መካከል አለ፤ ረዳቱ ቸክ ጃክሰንም አብሮት። ጓዶቻቸው ከኦክላንድ ድልድዩን እየተሻገሩ በየቀኑ ትኩስ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያበሉት የራሳቸውን ሁለት ሰው ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒም ለመታጠቢያ የሚሆን ነገር አስላኩ፤ የሕንፃው ኃላፊዎች አልወደዱትም።

በዚህ መካከል ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ፊሊፕ በርተንና ጆርጅ ሚለር፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ምስክር የመስማት ጉባኤ ከፈቱ። ከዋሽንግተን የተላከ የሚኒስቴሩ ባለሥልጣን፣ በረቂቁ ላይ ሊደረጉ የታሰቡትን ለውጦች ዘረዘረ። ከታሰቡት ውስጥ አንዳንድ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ለየብቻ ማስተማር ይገኝበታል፤ ለየብቻ ግን እኩል፣ እንደማለት። ይህ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በጥቁር ልጆች ጉዳይ ውድቅ ያደረገው ሐሳብ ነው። ባለሥልጣኑ ንባቡን ጨርሶ አንድ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። በርተን ተከትለው ሄደው በሩን ደበደቡ፤ ወጥቶ እንዲሰማም አስገደዱት። ጁዲ ተናገረች፤ ሳግ እየተናነቃት፣ የምንናገረው ሳይገባህ ራስህን በእሺታ መነቅነቅህን ብትተው ደስ ይለኛል አለችው።

ከዚያ ጥቂቶቹ ዋሽንግተን ድረስ ሄዱ። የመካኒኮች ሠራተኛ ማኅበር ተቀበላቸው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መኪና ስለሌለ የዕቃ ጭነት መኪና ተከራየላቸው፤ መስኮት በሌለው ጨለማ ውስጥ እርስ በርስ እየተጋጩ የሚኒስትሩ ቤት ደጅ ድረስ ሄደው አደሩ። ኤፕሪል 28 ካሊፋኖ ፈረሙ። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት ግን ወዲያው አልወጡም። ደንቡን አንብበው፣ እንዳልተሸራረፈ አይተው፣ ኤፕሪል 30 ቀን በዝማሬ ወረዱ።

(ዝማሬና ጭብጨባ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ፊርማው ለትምህርት ቤት ምን አመጣ? ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1975፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የመማር መብት የሚያረጋግጥ ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር። ምክር ቤቱ በዚያ ሕግ መግቢያ ላይ ራሱ ያሰፈረው ቁጥር ይህ ነው፦ በአገሪቱ ከ8 ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች አሉ፤ ከግማሽ በላዩ የሚገባቸውን ትምህርት አያገኙም፤ 1 ሚሊዮኑ ከትምህርት ቤት ጭራሽ ተዘግቶባቸዋል። ዛሬ በዚያ ሕግ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያገኙ ተማሪዎች ከ7 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሁሉ ተሟላ ማለት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ከአገሪቱ አማካይ የአንድ ተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድም ዓመት አልደረሰበትም።

በዚያው በ1977 ጣሊያን ከአሜሪካ አልፋ ሄደች፤ በኦገስት ወር ባወጣችው ሕግ ልዩ ክፍሎችን ዘግታ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል አስገባች።

ዓለም አቀፉ ስምምነት የመጣው ዘግይቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ዲሴምበር 13 ቀን 2006 ጸደቀ፤ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ይናገራል። አሜሪካ ፈረመች፤ ነገር ግን ለማጽደቅ በ2012 ለሴኔት ሲቀርብ 61 ለ38 ሆኖ ወደቀ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። በጦርነት የቆሰሉት የ89 ዓመቱ የቀድሞ ሴናተር ቦብ ዶል በተሽከርካሪ ወንበር አዳራሹ ድረስ መጥተው ለምነው ነበር፤ አልሆነም። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች፣ ስምምነቱ ሥልጣናችንን ይነካል ብለው መፍራታቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ግን በ2010 አጽድቃለች።

ታዲያ ስምምነቱን በማጽደቅ ማን ቀደመ? በወረቀት እኛ። የራሳችን ሕጎችም አሉ፤ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም፣ የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም ወጥተዋል። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዘዘ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የተሠሩትን ፎቆች ደጃፍ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትተናል።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። አካቶ ትምህርት ልጁን ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አስተማሪ በሌለበት ክፍል የተቀመጠ መስማት የተሳነው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል አይባልም። ስምምነቱ ራሱ የምልክት ቋንቋንና የብሬል ትምህርትን በስም ጠቅሶ ያዘዘው ለዚህ ነው። የትነበርሽ ንጉሤን እንውሰድ። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። መጀመሪያ የተማረችው ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ብሬሉን ከያዘች በኋላ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር ቀጠለች፤ ከዚያም የሕግ ባለሙያ ሆነች። በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ዓይኗ ባይጠፋ ኖሮ በልጅነቷ ተድራ እንደነበር ራሷ ትናገራለች። እንግዲህ ልዩ ትምህርት ቤት ሁሉ ምድር ቤት አይደለም፤ ልዩነቱ መውጫ በር ያለው መሆኑ ላይ ነው።

ጁዲ ሂውማን በኋላ በክሊንተን ዘመን የልዩ ትምህርት ረዳት ሚኒስትር፣ ከዚያ የዓለም ባንክ አማካሪ፣ በኦባማ ዘመን ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ልዩ አማካሪ ሆና ሠርታለች። በማርች 2023 በ75 ዓመቷ ዋሽንግተን ውስጥ አረፈች።

(ሙዚቃ፤ በዝግታ ይገባል)

ተራኪ፦ አሜሪካ ለምትኖሩ ወላጆች አንድ መልእክት አለን። ልጃችሁ ንግግር ከዘገየበት፣ ኦቲዝም ካለበት፣ ማየት ወይም መስማት ከተቸገረ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲመረምረው በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ክፍያ የለውም። ለልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ እናንተም የዕቅዱ ባለቤቶች ናችሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ማምጣት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሕጉ ፈቃድ ሰጡ የሚለው በሚገባችሁ ቋንቋ ተነግሯችሁ፣ ተረድታችሁ የፈረማችሁ እንደሆነ ነው። በአማርኛ ሳይነገራችሁ አትፈርሙ።