ተጨማሪ መረጃ፦ ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር

ተማሪዎች ሆይ፣ በትምህርታችሁ የፖሊስ ተቀዳሚ ግብር ሕግን ማስከበርና የሕዝብን ጸጥታ መጠበቅ መሆኑን ተረድታችኋል፤ ነገር ግን የሕግ ጠባቂ የሆነው አለቃ ራሱ በመንግሥት ላይ ቢነሣ ፍርዱ ምን ይሆናል?

የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ከመንግሥቱ ወንድም ከገርማሜ ንዋይና ከጸጥታ ኃላፊው ከኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ጋር አብረው መፈንቅለ መንግሥት፣ ማለትም ሥልጣነ መንግሥትን በኃይል የመንጠቅ ሙከራ፣ አደረጉ። ይሁን እንጂ የጦር ሠራዊቱና የአየር ኃይሉ አዛዦች ለዘውዱ ታምነው ስለ ጸኑ፣ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስም ዐመፁን ስላወገዙ፣ ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ጄኔራል ጽጌም በውጊያው መካከል ሞቱ።

ስለ እርሳቸው የሚሰጠው ብያኔ እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ አንዳንዱ መሐላውን ያፈረሰ ከዳተኛ ሲላቸው፣ ሌላው ድህነትንና ኋላ ቀርነትን ተቃውመው ከተነሡት ፈር ቀዳጆች ጋር ይቈጥራቸዋል።

ሞክሩ፦ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር ወይም በየቀበሌያችሁ ያሉ አረጋውያንን ስለ ታኅሣሡ ግርግር የሚያስታውሱትን በትሕትና ጠይቁ፤ የዐይን ምስክርነትን ከወሬ ለይታችሁ ጻፉ፤ ከዚያም የሁለቱን ወገኖች አስተያየት በማስረጃ መዝኑ።